ለሙሽሪት እናት የሚሆን ወንበር

ጸጋው ሰርጉን በድንች ያበላሻል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ ባለው በአባቱ ግቢ የገብሱ ነዶ ተከምሯል፤ ለዳሱ ምሰሶ የተቆረጠው ባሕር ዛፍ ከአጥሩ ሥር ተጋድሟል። ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው። ጸጋውና አጎቱ አያ ይስማው አንድ የበሬ ቆዳ መሬት ላይ ዘርግተው፣ አንድ ቅርጫት ድንች አጠገባቸው አድርገው፣ ቆዳውን እንደ ዳስ፣ ድንቹን እንደ ሰው ቆጥረው እንግዳ ያስቀምጣሉ።

አያ ይስማው ሰው በማስቀመጥ የታወቁ ናቸው። በዚያ አካባቢ ሰርግ ሲኖር ከዳሱ በር ላይ ይቆማሉ። የሚገባውን በዓይናቸው መዝነው በአገጫቸው ቦታውን ያሳዩታል። የተጣሉትን ያራርቃሉ፤ ጨዋታ አዋቂውን ከዝምተኛው ጎን ያደርጋሉ። ይህ ሰርግ ግን አስቸገራቸው። ሙሽሪት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ዘመዶቿና ጓደኞቿ አውቶቡስ ሙሉ ሆነው ይመጣሉ።

"እነዚህ የእንጨት ርብራብ ላይ አይቀመጡልህም" አሉ አያ ይስማው፣ የአዲስ አበባ እንግዶች የሆኑትን ቀያዮቹን ድንቾች በእጃቸው እያገላበጡ። "ወንበር ይሻሉ። ደግሞ ይበርዳቸዋል።"

"ጋቢ እናለብሳቸዋለን።"

"ለፎቶ ብለው ቢያወልቁትሳ?"

"ያን ጊዜ ጠላ ይጨመርላቸው።"

አያ ይስማው አልሳቁም፤ ቀያዮቹን ድንቾች ግን ነፋስ ወደማያገኘው ወደ መካከል ገፏቸው። ትልልቆቹ ድንቾች ካህናቱ ሆኑ። ጸጋው ወረዳው ውስጥ የከብት ሐኪም ነውና ከመሥሪያ ቤቱ የሚመጡት ሙስሊም ባልደረቦቹ በጉን በራሳቸው እጅ ባርከው የሚያርዱበት ሌላ ትንሽ ዳስ አገኙ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ጸጋው ቆዳውን ከላይ ፎቶ አንስቶ ለሙሽሪት ለእስከዳር ላከላት። የትኛው ድንች ማን እንደሆነም ጻፈላት።

እስከዳርና ጸጋው የተዋወቁት ሁለቱም ደብረ ማርቆስ ሲማሩ ነው። አንድ ጥቅምት ላይ የጮቄን ተራራ ላሳይሽ ብሎ ወደ አባቱ አገር አመጣት። ሜዳው ቢጫ ለብሶ ነበር። እሷም ጫማዋን ጭቃ ይዞት፣ አፍንጫዋ በብርድ ቀልቶ፣ "ካገባሁ የማገባው እዚህ ነው" አለች። ማንን እንደምታገባ አልተናገረችም። እሱም አልጠየቀም፤ ፈራ። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ፤ አዳራሽ ቢሏት፣ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ቢሏት፣ ከዚያች ቃል ፈቀቅ አላለችም።

እናቷን ወይዘሮ የኔአለምን ማሳመን ቀላል አልነበረም። ሽሮ ሜዳ ትልቅ የሀገር ልብስ ሱቅ አላቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጃቸውን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። "ላም የሚያክም ሰው" ይሉት ነበር ጸጋውን። ቆይተው "ያ ላም የሚያክመው ልጅ" ማለት ጀመሩ። እስከዳር ይህን እንደ ትልቅ ድል ቆጥራ ነግራው ነበር።

መልሷ ወዲያው መጣ። "አየሁት። አያ ይስማውን ሳምልኝ። እማዬስ የትኛዋ ናት?"

ጸጋው ወደ ቆዳው ተመለከተ። ለወይዘሮ የኔአለም የሚሆን ድንች የለም። ይህ አላስደነገጠውም። ከልጅነቱ ጀምሮ በገባበት የሙሽራ ዳስ ሁሉ የሙሽሪት እናት ተቀምጣ አይቶ አያውቅም። እሷ በራሷ ቤት ልጇን ሸኝታ ትቀራለች፤ የምትታየው ሙሽሮቹ ለመልስ ሲሄዱ ነው። ስለዚህ ያወቀውን ጻፈ። "ለእናትሽ ቦታ አላደረግንም። በእኛ አገር የሙሽሪት እናት በሰርጉ ቀን ሙሽራው ዳስ አትገባም። ለመልስ እኛው እሳቸው ዘንድ እንመጣለን።"

ጻፈና ስልኩን ኪሱ ከቶ የታመመች ላም ሊያይ ሄደ። ልቡ ደስ ብሎት ነበር።

አመሻሹ ላይ ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ የኔአለም ራሳቸው ናቸው።

"ጸጋው።"

"አቤት፣ እትዬ።"

"ዳሳችሁ ሰፊ ነው አሉ።"

"አዎ እትዬ፣ እንደ ልብ ነው።"

"ከዚያ ሁሉ ስፋት ለእኔ የምትሆን አንዲት በርጩማ ጠፋች?"

"እትዬ፣ ወጉ ሆኖ እንጂ..."

"ወጋችሁን አልነቅፍም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የሠፈሬ ሰው ሁሉ አውቶቡስ ተሳፍሮ ልጄን ሊድር ሲሄድ፣ እኔ የት ሆኜ ልጠብቅ? ሱቅ ከፍቼ?"

ጸጋው ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

"እንግዲያው ሰርጉ እዚህ ይሁን" አሉ ወይዘሮ የኔአለም። "የአባትህን ሰዎች ይዘህ ና። እኔ ዘንድ ለሁሉም ወንበር አለ።"

አባቱ አቶ ፈንታው ይህን ሲሰሙ የሚልጡትን እንጨት መሬት ላይ አስቀመጡ። "እኔ የዚህን አገር ሰው ሰርግ ሁሉ በልቻለሁ" አሉ። "አሁን በተራዬ ምን ልበላቸው? አዲስ አበባ ድረስ ሄዳችሁ ብሉ ልበል? አይሆንም።" እንጨቱን መልሰው አነሱና መላጣቸውን ቀጠሉ። ከአቶ ፈንታው ጋር ክርክር የሚያልቀው እንዲህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጸጋው አንድ በሬ መርፌ ሊወጋ እጅጌውን ሰብስቦ ሳለ የእስከዳር መልእክት መጣ። በሬውን የያዙት ገበሬዎች እየጠበቁት ቆሞ አነበበ።

"አንተ ለእናቴ አንድ ወንበር ካጣህላት፣ እኔስ ነገ ቤትህ የት ነው የምቀመጠው?"

"ሐኪም፣ በሬው ሊያመልጥ ነው" አለው አንዱ።

ጸጋው በሬውን ወጋው። እግሩ ሥር ያለው ሜዳ ድንገት የራሱ አገር ያልሆነ መሰለው።

*

ስልክ ቢደውል እስከዳር አታነሳም። ቢጽፍላት ታነባለች፤ አትመልስም። ጥምቀት ሲቃረብ ግን አንድ ቃል ላከች። "ሉማሜ ድረስ እመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ አልረግጥም።"

ጸጋው ጎህ ሲቀድ ከሮብ ገበያ ተነሥቶ፣ ደብረ ማርቆስ መኪና ቀይሮ፣ ሉማሜ ደረሰ። ከመንገዱ ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ በራፍ ላይ አገኛት። ያለ ወትሮዋ ፀጉሯን በሻሽ አስራለች። ዓይኖቿ ያበጡ ናቸው። ሊስማት ሲቀርብ ጉንጯን ሰጠችው፤ ጉንጯ ቀዘቀዘው።

"ከስተሃል" አለችው።

"አንቺም።"

"እኔ መንገድ ነው። አንተ ግን አልበላህም።" ቁጣዋን እንደረሳች ሲገባት ፊቷን መለሰች። "ጸጋው፣ ስለ ወግ ልትነግረኝ ከመጣህ አውቄዋለሁ። ሲነግሩኝ ከረሙ። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። እማዬ የት ናት ስልህ ለምን አልደነገጥክም? ምነው አንድ ጊዜ እንኳን እጅህ ባመነታ?"

ጸጋው የሷን ዓይን ሸሽቶ ወደ መንገዱ አየ። ከመንገዱ ማዶ ነጭ መኪና ቆሟል። የኋላው ወንበር እስከ ጣሪያው በልብስ ጥቅል ተሞልቷል። ከፊት ወንበር ላይ አንዲት ሴት ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል።

"እሳቸው ናቸው?"

"ናት። አልወርድም ብላለች። የመጣችው ፊትህን ልታይ ነው። 'ሰው ፊቱ አይደብቅም' ትላለች፤ ደንበኛን ሁሉ በፊቱ ነው የምትመዝነው።"

ጸጋው ሁለት ሻይ አስቀዳ። አንዱን ለእስከዳር ሰጣት። ሌላውን ይዞ መንገዱን ተሻገረ። መስኮቱ ዝግ ነው። ቆመ። ወይዘሮ የኔአለም ወደ ፊት ለፊት እንጂ ወደሱ አያዩም። ከአዲስ አበባ የመጣ አውቶቡስ አቧራ እያስነሣ አለፈ፤ ጸጋው ሻዩን በመዳፉ ከደነው። ይህን ጊዜ መስኮቱ ለአንድ መዳፍ ያህል ወረደ።

"አቧራ ገባበት?"

"አልገባበትም፣ እትዬ።"

"ስጠኝ እንግዲያው። ለመታረቅ ግን እንዳይመስልህ። ስለ በረደኝ ነው።"

ሰጣቸው። ብርጭቆው በጠባቡ ክፍተት አልፎ ገባ።

"እስከዳር ለምን አልደነገጥክም ብላ ጠየቀችኝ" አለ ጸጋው። "ለሷ መመለስ አቃተኝ። ለእርስዎ ልንገርዎት። እናቴ የሞተችው እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። ያደግሁት በአባቴና በአጎቴ እጅ ነው። የእኔንም እናት ድንች ቆዳው ላይ አላስቀመጥኩም፣ እትዬ። ዳስ ውስጥ የእናት ቦታ ባዶ መሆኑ ያላስደነገጠኝ ስለለመድኩት ነው። ጥፋቴ ይህ ነው። ሌላ ክፋት የለብኝም።"

ወይዘሮ የኔአለም ሻዩን አልጠጡም። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው ፊቱን አዩት፤ እንደ ጨርቅ ወደ ብርሃን አዙረው የሚያዩት ይመስላል።

"የሙሽሪት እናት ሙሽራው ዳስ አትገባም አልክ።"

"አዎ።"

"የት ነው የምትሆነው ታዲያ በእናንተ አገር?"

"በራሷ ዳስ ነዋ፣ እትዬ። ሙሽራው ሚዜዎቹን ይዞ ደጇ ይሄዳል። ሴቶቹ በር ይዘው አናስገባም ይሉታል። ይለምናል።"

"ማን ነው እዚያ ሰው የሚያስቀምጠው?"

"እሷ ናት። ዳሱ የሷ ነው።"

"ሙሽራውንስ?"

"እሷ ካላስቀመጠችው ቆሞ ይውላል።"

"ቆሞ ይውላል" አሉ ወይዘሮ የኔአለም ቃሉን እየቀመሱ። አንዴ ከሻዩ ፉት አሉ። በከንፈራቸው ዳር የሆነ ነገር ተነቃነቀ። "ይህን ለምን ከመጀመሪያው አልነገርከኝም? በል፣ ቤት ፈልግልኝ።"

"የምን ቤት?"

"በናንተ መንደር ነዋ። እኔ እዚያ ዳስ እጥላለሁ። የሙሽሪት እናት ነኝ። መጥተህ ትለምነኛለህ።"

ጸጋው ዞሮ ወደ መንገዱ ማዶ አየ። እስከዳር ሻይዋን እንደያዘች ቆማለች። ምን እንደተባባሉ አልሰማችም። የተከፈተውን መስኮት ግን አይታለች። የመኪና ጥሩንባ፣ የረዳቶች ጥሪ፣ የበግ ድምፅ በመካከላቸው አለ፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ብቻ ተያዩ። እሷ ሻሿን ፈታ ፀጉሯን ለቀቀችው።

*

ከአቶ ፈንታው ግቢ አንዲት ትንሽ ወንዝ ተሻግሮ የእማማ ፋንታነሽ ቤት አለ። ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። ጸጋው ጉዳዩን ነግሯቸው ሳይጨርስ የጎተራቸውን እቃ ማውጣት ጀመሩ።

"ሰው ሁሉ ሲድር ጠላ ስጠምቅ ኖሬአለሁ" አሉ። "በእኔ ደጅ ግን ዳስ ተጥሎ አያውቅም። ይምጡ። እንዲያውም ልጅቱን ትንሽ ያቆዩልኝ።"

አቶ ፈንታው ጉዳዩን ሰሙ። "ሁለት ዳስ፣ ለአንድ ሰርግ" አሉ። "ደግ ነው። ወጉም ይኸው ነው። እንግዲህ ልንለምን ነዋ።" ካፖርታቸውን አራግፈው ለሰርጉ ሰቀሉት።

ወይዘሮ የኔአለም መንደሩ በገቡ ማግሥት አያ ይስማውን ወደ እማማ ፋንታነሽ ደጅ አስጠሩ። ቆዳው ተዘረጋ፤ ድንቹ መጣ። ሁለቱ ጎን ለጎን በርከክ ብለው፣ አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው እያነሣ፣ ጸሐይ እስክታዘቀዝቅ ተከራከሩ።

"ይችን አክስትዎን ከወንድሜ ጎን ካደረጓት ዳሱ በሳቅ ይፈርሳል" አሉ አያ ይስማው።

"አያ፣ እኔም ለዚሁ ብዬ ነው።"

ጸጋው ከኋላ ቆሞ ያያል። ከወይዘሮ የኔአለም ድንች አጠገብ አንዲት ቀይ አለች፤ እስከዳር ናት። ከሷ ቀጥሎ አንዲት ስሟ ያልተጠራ ትልቅ ድንች አየ።

"ይችስ እትዬ? እኔ ነኝ?"

"አንተማ ቆመህ ትውላለህ። አልነገርከኝም?" አሉት ቀና ሳይሉ። "እንግዳ ናት።"

እስከዳር ከጓዳው በር ላይ ሆና ይህን ሰማች። ጸጋው ሲዞር ዓይኗን ሰበረች። አንድ የምታውቀው ነገር እንዳለ ገባው፤ አልጠየቃትም። ከዚያ ጥቅምት ወዲህ መጠየቅ የሚፈራው ነገር ኖሮ አያውቅም ነበር። ይህን ግን ፈራው፤ ፍርሃቱም ጣፋጭ ነበር።

*

የሰርጉ ቀን ጸጋው ከሚዜዎቹ፣ ከአባቱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ወንዟን ተሻገረ። ጥላ የያዙ፣ ሱሪያቸውን ለወንዙ ሰብስበው መልሰው ማውረድ የረሱ ሰዎች ነበሩ። በእማማ ፋንታነሽ በር ላይ የአዲስ አበባ ልጃገረዶችና የመንደሩ ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘዋል። የመንደሩ ሴቶች ይዘፍናሉ፤ ልጃገረዶቹ ግጥሙን ባያውቁትም ያጨበጭባሉ።

"ሐኪም፣ ላሟ ደህና ናት፤ ተመለስ" አለችው አንዷ።

"ላም ልወስድ አልመጣሁም።"

"ምን ልትወስድ ነው?"

"ልለምን ነው የመጣሁት።"

አልለቀቁትም። ሚዜዎቹ ለመኑ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ አቶ ፈንታው በካፖርታቸው ኮርተው ሁለት ጊዜ እጅ ነሱ። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ።

ዳሱ ሞልቷል። ወይዘሮ የኔአለም ጥለቱ ሰፊ የሆነ ቀሚስ ለብሰው ከምሰሶው አጠገብ ቆመዋል። አያ ይስማው በሥራ ልማድ በሩ ላይ ሊቆሙ ሲሉ ወይዘሮ የኔአለም እጃቸውን ይዘው ወስደው አስቀመጧቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ያስቀመጡት ሰውዬ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው፤ ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፣ አነሡት፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያ አቶ ፈንታው ከዚያች ከሳቂዋ አክስት ጎን ተቀመጡ። ሚዜዎቹ ተቀመጡ። መካከል ላይ ጸጋው ብቻውን ቆሞ ቀረ።

"ለአንተ ቦታ አላደረግንም" አሉ ወይዘሮ የኔአለም።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አክስቲቱ የአቶ ፈንታውን ትከሻ ይዘው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጸጋውም ሳቀ። እስከዳርን አያት። ነጭ ለብሳ ከእናቷ በስተቀኝ ተቀምጣለች። እሷ አልሳቀችም። በዓይኗ ወደ ጎኗ ጠቆመችው።

ከጎኗ ባዶ በርጩማ አለ። በላዩ በወግ የታጠፈ አዲስ የሀገር ቀሚስ ተቀምጧል።

"ለሙሽራው እናት ቀሚስ ይመጣል፤ በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው" አሉ ወይዘሮ የኔአለም። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ ዳሱ ግን ሁሉንም ሰማ። "ቦታዋ ይህ ነው። አንተ ለጊዜው በአደራ ተቀመጥላት።"

አቶ ፈንታው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጸጋው ወይዘሮ የኔአለም ፊት ወድቆ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ለመነሣት ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ቀሚሱን አንሥቶ ጭኑ ላይ አድርጎ በእናቱ ቦታ ተቀመጠ። የእስከዳር እጅ ከቀሚሱ ሥር መጥታ እጁን ያዘች።

ምግብ ቀረበ። ጸጋው ግን አልበላም። ከልጅነቱ ሲያየው ኖሮ ያላየው ነገር አሁን ይታየው ጀመር። ቀና ብሎ ዳሱን በሙሉ ዞሮ አየ። ሁሉም ተቀምጧል። በጓዳው በር ላይ ግን እማማ ፋንታነሽ ማሰሮ ታቅፈው፣ በራሳቸው ቤት፣ ቆመዋል።

ቀሚሱን በርጩማው ላይ አስቀምጦ ተነሣ። በሰዎቹ መካከል አልፎ ሄደና ማሰሮውን ከእጃቸው ወሰደ።

"ይምጡ፣ እማማ።"

"ተወኝ፣ እኔማ አሳላፊ ነኝ።"

"ይምጡ ብያለሁ።"

ማሰሮውን በአንድ ክንዱ እንደታቀፈ እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። በዚያች በርጩማ አስቀመጣቸውና ቀሚሱን ትከሻቸው ላይ ጣለላቸው። እማማ ፋንታነሽ ጥለቱን በጣታቸው ነካ አደረጉና አቀረቀሩ።

ወይዘሮ የኔአለም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"የቤቱን ባለቤት" አሉ። "ቤቷ ገብቼ ዳስ ጥዬ፣ ለሷ ወንበር ሳላደርግ። አያ ይስማው፣ እርስዎም አላዩም?"

"ድንቹ በዛብኝ" አሉ አያ ይስማው ከተቀመጡበት።

ወይዘሮ የኔአለም ጸጋውን አዩት። ሉማሜ መስኮቱን ያወረዱ ጊዜ እንዳዩት አልነበረም። "እንግዲህ እኩል ነን" አሉት።

"እኩል ነን፣ እትዬ።"

"አሁንም እትዬ ነኝ?"

ጸጋው ማሰሮውን እንደታቀፈ ቆመ። ያቺን ቃል ለማንም ካላት ብዙ ዘመን ሆኖታል። አንደበቱ ላይ ደርቃ የቀረች መስሎት ነበር።

"እኩል ነን፣ እማዬ።"

ዳሱ እልል አለ። ጸጋው የራሱ ሰርግ ላይ እንደ አሳላፊ ማሰሮ ይዞ፣ መቀመጫ አጥቶ ቆሟል። የት እንደሚሄድ አያውቅም፤ አያ ይስማውም በአገጫቸው አላሳዩትም። ያን ጊዜ እስከዳር ነጩን ልብሷን ሰብሰብ አድርጋ ከወንበሯ ወደ ዳር ተጠጋችለት።

"ና፣ እዚህ" አለችው። "ጠባብ ናት።"

ማሰሮውን አስቀምጦ ሄደ። ወንበሯ ጠባብ ነበረች። ትከሻው ከትከሻዋ ተጣብቆ፣ ግማሽ ጎኑ አየር ላይ ሆኖ ተቀመጠ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ተመቻችቶ ተቀምጦ አያውቅም።